ቆንስሉ የተቀመጠ ዕለት

የሀምዱ ሚስት አልፊያ ነገር አታድበሰብስም። «ወንድሜን በዓይንህ ሳታይ እዚህ ቤት እንዳትገባ!» ብላዋለች።

ወንድሟ ሰይፈዲን ፎቶ አንሺ ነው። ከአንድ ፈረንጅ ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ፣ ከወሎ ሸሽተው ኮልፌ የፈሰሱ ረሃብተኞችን ሲያነሳ «የሌለ ረሃብ አነሳችሁ» ተብለው ሁለቱም ፖሊስ ጣቢያ ታሰሩ። ሀምዱ የፈረንጁ ኤምባሲ አስተርጓሚ ነውና የቆንስሉን ማመልከቻ ሁሉ ሲተረጉም ከረመ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይታያል።» የታየ እስረኛ ግን የለም።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱን ይተዉትና ሽማግሌ ይዘን እንሂድ» አለው ቆንስሉን።

ሀጂ አብደላ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ አቶ ቀለመወርቅ ካባቸውን ደርበው፣ ከጣቢያው አዛዥ ከሻምበል አምሐ ፊት ተገተሩ።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ!»

«እሺ ሳንባልማ አንቀመጥም» አሉ ሀጂ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የለመነው ሳይፈቀድለት ወንበር አይነካም። «ሁለቱን ልጆች አሳየን።»

«ከበላይ ሳልታዘዝ? እንዴት ተደርጎ!»

ክርክሩ ጦፈ። ሀምዱ ቃል ሳያስቀር ለቆንስሉ ሲተረጉም፣ ያችን ወግ ብቻ መንገር ረሳ። ወገቡን የሚያመው ቆንስል ወንበር ሳበና ዘፍ!

ሀምዱ የቤቱ በር ሲጠረቀምበት ታየው። ሻምበሉ ጥርሱ በጥርሱ ሆነ። «ይኸው፣ ፈረንጁ ልመናውን ተወ!»

«የለም ልጄ» አሉ ሀጂ። «ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው። እሱ ተቀምጧል። ስለዚህ እሺ ብለኸዋል። አላልኩም ካልክ፣ በል የመንግሥት እንግዳ ከወንበር አስነሳ!»

ቆንስሉ እግሩን አነባብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ወንበር እስከ ጃንሆይ ግቢ የሚደወል ስልክ በሻምበሉ ጆሮ ውስጥ አቃጨለ።

«እሺ፤ የራሱን ሰው ይይ!»

አቶ ቀለመወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ግን እንደቆምን ነን።»

«ደግሞ ምን ቀረ?»

«እሱ የተቀመጠው ለፈረንጁ ነው። እኛ የቆምነው ለሰይፈዲን። ጉልበታችን እንደሆነ እስከ ጥምቀት ይችላል።»

«አምጧቸው! ሁለቱንም አምጧቸው!» ሻምበሉ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን እያዥጎደጎዱ ተቀመጡ።

ጋዜጠኛው ገብቶ ከቆንስሉ ጎን ተቀመጠ፤ ሰይፈዲንም ጢሙ ተንጨባሮ ተከተለው። ሀምዱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ ሳቅም እንባም ቀደሙት። «ከሳህ! እህትህ ትገድለኛለች!» ሲል ሁሉም ሳቁ። የተረፈ ወንበር ስለሌለ ሰይፈዲን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሻምበሉ ክው አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ፈልገህ ነው የቆምከው?» የራሱን ወንበር ገፋለት። «በናትህ፣ ቁጭ በልልኝ!»