የዘንጉን ግንባር የበላው ፎቶ

እናትየው የዐይን ሞራቸው ተገፎ ፋሻው የተፈታላቸው ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ ባንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንዱ ሲመጣ ሌላው እየሄደ፣ አንዷ ስትድን ሌላዋ እየታመመች፣ ሁሌም አንድ ሰው ይጎድል ነበር። የዚያን ዕለት ግን የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ታላቁ ልጅ እንኳ ጭነቱን አራግፎ ከተፍ አለ። ከቁመቱ የተነሳ ሰው ሁሉ «ዘንጉ» ይለዋል። እሱም ለምዶታል፤ በመዝገብ ስሙ ቢጠሩት ዞር ብሎም አያይ።

ከሐኪም ቤት እንደገቡ ጎረቤታቸው ስልክ ተቀብላ ሁሉንም ባንድ ላይ አነሳቻቸው። እናትየው መሃል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የልጅ ልጆች ግራና ቀኝ ከበቧቸው፤ ልጆችና አማቾች ከኋላ ተደረደሩ። ዘንጉ ከሁሉም ጀርባ እንደ ግንብ ቆመ። ስልኩ የመጨረሻዋ ልጅ፣ እናቷን ይዛ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ነበር።

«ይሄንን በትልቁ አሳጥቢልኝ» አሉ እናትየው። «አልጋዬ ፊት ለፊት ይሰቀላል። ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ እናንተን ልይ።»

ልብስ ሰፊዋ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ማተሚያ ቤት መሄዱን ተወችና በኢንተርኔት አዘዘች። ፎቶውን ላከች፣ ሃያ በሠላሳ የሚለውን መጠን መረጠች፣ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያለች የመጣውን ሁሉ ተጫነች፣ አለቀ። ክፈፉንም ገዝታ ጠበቀች።

ፎቶው ሲመጣ እናትየው ከእጇ ነጥቀው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እያንዳንዱን ፊት በጣታቸው እየነኩ፣ «ይቺ እንዴት ወፈረች! ይሄኛው አባቱን!» እያሉ ቆዩና ድንገት ቀጥ አሉ።

«ይሄ ግንባር የሌለው ሰውዬ ማነው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀረብ ብላ አየች። ከቅንድቡ በላይ ባዶ ነው፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

«እማዬ... ዘንጉ ነው።»

«ዘንጉ? ልጄን ምን አደረጋችሁት? ሳላይ ስኖር ኖሬ፣ አሁን ዐይኔ ሲበራ ልጄን ቆርጣችሁ ታሳዩኛላችሁ?»

ዘንጉ ዘንድ ተደወለ። እሱ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ሳቀ። «እማዬ፣ ግንባሬን በር ሲቀጠቅጠው ነው የኖረው። አንድ ቀን ቢያርፍ ምን አለበት?»

«ዝም በል! ግንባርህ ካልመጣ ግድግዳዬ ላይ ምንም አይሰቀልም!»

ልብስ ሰፊዋ ተናዳ ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«ወንድሜን ቆርጣችሁታል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ያለ ሰላምታ።

«ይቅርታ፣ ምንዎን?»

ነገሩን ስታስረዳ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሴትየዋ ረጋ ብላ አብራራችላት። «የስልክዎ ፎቶ ጎኑና ቁመቱ ወደ እኩል የሚቀርብ ነው፤ ያዘዙት ወረቀት ደግሞ ወደ ጎን ረዘም ይላል። ሁለቱ ልክ አይገጥሙም። ምንም ካልተባለ ማሽኑ ወረቀቱን እስኪሞላ ፎቶውን ያሰፋና ከላይና ከታች የተረፈውን ይጥለዋል። ከማዘዝዎ በፊት እኮ ፎቶው ላይ መስመር ይታያል። ከመስመሩ ውጪ ያለው አይታተምም።»

«እኔ መስመሩ ጌጥ መስሎኝ!»

«ብዙ ሰው ይመስለዋል። ሥሩ "ሙሉውን አትም" የሚል አለ፤ እሱን ቢመርጡ በጎንና በጎን ትንሽ ነጭ ይተርፋል እንጂ ማንም አይጎድልም።»

«ሳልለካ አስቆረጥኩ በይኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ንዴቷ ብን ብሎ ጠፋ።

ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ ዘንጉ ከነግንባሩ፣ ከነጸጉሩ ጉብ ብሏል። እናትየው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ እያዩ ወረዱ፤ ወረዱና የራሳቸው እግር ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ጫማሽ ነዋ።»

«የትኛው ጫማዬ?»

ልብስ ሰፊዋ አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። የዚያን ዕለት ጠዋት ፋሻው ሳይፈታ እናትየው በዳበሳ ያጠለቁት ነው። ማታ ደግሞ እንዳያጎነብሱ ስለታዘዙ የልጅ ልጆች ተሻምተው አውልቀው አልጋ ሥር ወረወሩት፤ ማንም ልብ አላለም።

«እንዲህ ሆኜ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት? ያ መልከ መልካም ሐኪም እጄን ይዞ በሰው ሁሉ ፊት የሸኘኝ? ሰው ያለኝ መስሎኝ!»

«እማዬ፣ ሁላችንም ዐይንሽን ስናይ እግርሽን ማን ይይልሽ?»

እናትየው ሊቆጡ ከንፈራቸውን አሾሉ፤ አልሆነላቸውም፤ ሳቁ ቀደማቸው። ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ላይ ዘፍ አሉ።

«እማዬ እንባሽን በእጅሽ እንዳትጠርጊ! ሐኪሙ አትሺ ብሎሻል!»

«ታዲያ አታስቂኛ!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በይ ስሚኝ። የልጄ ግንባር ይኑር፤ የኔ እግር ይቅር።»

በዚህ ጊዜ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው አዘዙ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን የሚሞላውን መረጠችና መስመሩን አሳየቻቸው። ከዚያ ፎቶውን በጣቷ ወደ ታች ሳብ ስታደርገው ከላይ የሚቆረጠው እየቀነሰ፣ ከታች የሚቆረጠው እየጨመረ መጣ።

«ሳቢው... ሳቢው... ቀስ! ቡናማው አሁንም ብቅ ብሏል!»

«ይኸው ገባ።»

«የዘንጉ ጸጉርስ?»

«አንድም አልጎደለበት።»

«እዘዢ እንግዲህ» አሉ እናትየው፣ በትልቅ ጉዳይ ላይ እንደፈረመ ሰው።

ሦስተኛው ፎቶ እንደተፈለገው ሆኖ መጣ። ከላይ ዘንጉ ሙሉ፣ ከታች የእናትየው ቀሚስ ጠርዝ፣ ጫማ የሚባል ነገር የለም። ክፈፉ ውስጥ ልክክ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሚስማሩን መትታ አልጋው ፊት ለፊት ሰቀለችው፤ እናትየውም ሻይ ይዘው ሥሩ ተቀመጡ። ፎቶው ላይ ያለችውን ልብስ ሰፊ ትኩር ብለው አዩና ዞረው ደግሞ የቆመችውን አዩ።

«ልጄ፣ ሽበት አብቅለሻል እንዴ?»

«ቆየ እኮ እማዬ። አንቺ አይታይሽም ነበር እንጂ።»

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው አጎንብሳ እንድትቀርብ ጠቀሷት። ነጩን ጸጉር በጣታቸው ከጆሮዋ ኋላ መለሱላት።

«አትንቀይው» አሉ። «አምሮብሻል።»