የአንበሳሜ መታጠፊያ

ሻዩ በመሐመድሰዒድ ከንፈር ቀኝ ጥግ አምልጦ በጢሙ ወረደ። ወረታ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ ለደንበኛ መልስ አጥቶ የማያውቅ ሰው፣ «ሜትሩን አቀብዪኝ» ሊል ሲከጅል ድምፁ ገንፎ እንደ ጎረሰ ሰው ተልፈሰፈሰ።

ሚስቱ ዘሊካ ከጨርቅ ጣቃው ላይ ተነሣች።

«እስቲ ሳቅልኝ» አለችው።

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥታው አታውቅም። ገርሞት ሳቀ፤ የሳቀው ግን የፊቱ ግማሽ ብቻ ነበር።

«ሁለት እጅህን አንሣ።»

ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ግማሽ ሳይደርስ ወደቀ። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ከሃያ።

ታላቅ ወንድሙ አብዱልሃኪም ከጎን ካለው ሱቁ ማርና ጥቁር አዝሙድ በማንኪያ ይዞ ደረሰ። «ነፋስ ነው የመታው። ይህን ይዋጥና ወንዛዬ ፍል ውሃ እንንከረው፤ በሦስት ቀን ይፈታል።»

ዘሊካ ማንኪያውን በመዳፏ ጋረደች። «በአፉ ምንም አይገባም፤ ያንቀዋል። ባሕር ዳር፣ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

«እናቴን የቀበርሁ ለት።»

ያኔ እሷም ነፋስ ነው ብላ እናቷን ሦስት ቀን ፍል ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ኋላ ሐኪሙ፣ የራስ ደም ሥር ሲደፈን የሚያድነው ሰዓት ነው፣ ያኔውኑ ብታመጫት ኖሮ ብሏታል። ይህች «ኖሮ» ሰባት ዓመት አብራት ስታድር ኖራለች።

ጎረቤታቸው የሻው ሚኒባሱን አስነሣ። አብዱልሃኪም እያጉረመረመ ከፊት ተቀመጠ፤ ዘሊካ ከኋላ የባሏን ራስ ደግፋ ያዘች። ሩዙ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ለብሶ ይሸሻል። እሷ የምትቆጥረው ደቂቃውን ነው።

ወደ አንበሳሜ ከሚወስደው መታጠፊያ ሲደርሱ አብዱልሃኪም እጁን ዘረጋ።

«የሻው፣ ወደ ግራ! ወንዛዬ በዚህ ነው። ታላቁ እኔ ነኝ!»

የሻው ፍሬን ይዞ ዘሊካን በመስታወቱ ፈለጋት።

«ወንድም ጋሼ» አለች ዘሊካ፣ «ታላቅነትዎን ማን ነካ? ሲድን ሁለታችሁንም ወንዛዬ ወስጄ እንደ ባቄላ እዘፈዝፋችኋለሁ። ዛሬ ግን ይህ መኪና ከታጠፈ እኔ እወርዳለሁ፤ የምወርደውም እሱን አዝዬ ነው።»

አብዱልሃኪም የዘረጋውን እጅ አላጠፈም። ያን ጊዜ የመሐመድሰዒድ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወደ ፊት ተዘረጋና የየሻውን ትከሻ ሁለት ጊዜ ገፋ፤ ቀጥታ፣ ቀጥታ።

የሻው ነዳጁን ረገጠው። መታጠፊያው ወደ ኋላ ቀረ።

ዘሊካ የባሏን ቀኝ እጅ ከጭኗ ላይ አንሥታ ያዘች።

«ጨብጠኝ» አለችው።

እጁ ዝም አለ።

«ጨብጠኝ ብዬሃለሁ!» አለችና፣ እሱ እስኪጀምር ራሷ ጨበጠችው።