ኤፍ-5፣ ያልነበሩት ዓይነቶች

1

ሁለት መቀመጫ ያለው።

ፊት ሻምበል ግርማቸው፣ ኋላ እኔ። ከዋናው ተዋጊ ጄት አርባ ስምንት ጊዜ አሳንሼ፣ ከጣውላ ጠርቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጨረስኩት። እትዬ ዓይናለም መነጽራቸውን አድርገው አዩና መለሱልኝ። የግርማቸው ባለ አንድ መቀመጫ ነበር አሉ። ሚስቱ ናቸው፣ እሳቸውን ማን ያታልላል!

2

መሣሪያ የሌለው፣ ፎቶ ማንሻ ብቻ የተገጠመለት።

ይኼንንም መለሱት። እኔ ደቻሳ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የዚያ ጄት መካኒክ ነበርኩ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፣ ደብረ ዘይት በረንዳዬ ላይ ሞዴል እሠራለሁ። እሳቸው የሚፈልጉት አንዱን ብቻ ነው፤ ባላቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣበትን፣ እንደነበረው።

3

ክሪክ ላይ የቆመ፣ ሞተሩ የወረደ። በዚያ ቀን ያልበረረ።

እሱን አላሳየኋቸውም። አንባቢ፣ ሽማግሌው ይጫወታል ትል ይሆናል። የፈራ ሰው ሥራ አያጣም፣ ወዳጄ።

4

እንደነበረው።

ከመነሣቱ በፊት መካኒኩ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸውን የመጠበቂያ ፒኖች ይነቅላል። ፊት ለፊት ቆሞ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አብራሪው ይቆጥርና አውራ ጣቱን ያነሣል። አምስት መሆን አለባቸው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰው ስላነሰን ሁለት ጄት በጥድፊያ አስነሣሁ። ከመጀመሪያው አንድ ፒን እጄ ላይ ቀርቷል፣ ልብ አላልኩም። ከግርማቸው አራት ነቀልኩ። አምስት አሳየሁት።

ቆጠረ። ሳቀልኝም።

5

ዘጠኝ።

ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ስቆጥር ዘጠኝ ሆነ። አሥረኛው በግርማቸው ወንበር ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲመታ አብራሪውን ከነወንበሩ የሚያስፈነጥረውን መሣሪያ ቆልፎ ይዞታል። ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሮጥኩ። ተመታ ሲሉ ደረስኩ።

አውሮፕላኔን ጥዬ አልዘልም ያለ ጀግና ተባለ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ፈጀኝ።

6

ዛሬ ከሰዓት፣ በረንዳዬ ላይ። ሳልጨምር ሳልቀንስ፦

ዓይናለም፦ ጨረሱት?

ደቻሳ፦ ወንበሩ ቀርቶኛል።

ዓይናለም፦ ጋሽ ደቻሳ፣ ለሰው ያልነገርኩትን ልንገርዎት። አገር ጀግና ሲለው እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ሙት ዓመቱን ያወጣሁት ለሰው ዓይን ነው። መዝለል ይችል ነበር። ከእኔና ከልጆቹ ብረቱን መረጠ።

ደቻሳ፦ አልመረጠም፣ እትዬ።

ዓይናለም፦ እርስዎ በምን ያውቃሉ?

ደቻሳ፦ ወንበሩን ቆልፌ የላክኩት እኔ ነኝ።