ሁለቱም ጫፉ የተሰካው ኬብል

ቴክኒሻኑ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ መሬት አልነካ ብሏል። የመናኸሪያዋ አስተዋዋቂ ትናንት "አግቢኝ" ሲላት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ነገ አዲሱን የኔትወርክ ስዊች ተክለህ ማይክሮፎኔ መናገር ሲጀምር መልሴን እነግርሃለሁ" ብላዋለች። ከዚህ ወዲያ ስዊች መትከል ሥራ ነው እንዴ? ሠርግ ነው እንጂ!

ችግሩ አባቷ ናቸው። የመናኸሪያው ንብረት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ፣ የተንጠለጠለ ነገር ካዩ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ሠራተኛው ሁሉ "አባ ልቅም" ይላቸዋል። የጋብቻው ወሬ ገና አልደረሳቸውም። ቴክኒሻኑ ደግሞ እሳቸው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል።

እኚሁ ሰው ዛሬ "ላግዝህ" ብለው መጡ። ኬብሉን ያቀብሉታል፣ እሱ የስዊቹ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። የትኬት መቁረጫዎቹ መስመር ገባ፣ የማይክሮፎኑም ገባ። ቴክኒሻኑ ፎቅ ላይ፣ ድምፅ በማያስገባው ክፍሏ ለተቀመጠችው ልጅ ደወለና፣ "በይ ሞክሪው፤ በቃ እስክልሽ እንዳታቋርጪ" ብሏት ድምፅ ማጉያውን ሊሰማ ወደ ግቢው ወጣ።

ጭጭ። ሲመለስ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ እንዳበደ ሰው ያደርጋቸዋል።

"አየህ ልጄ፣ ነፍስ ዘራ!" አሉ አባ ልቅም እጃቸውን እያፋተጉ። "አጨፋፈሩን ተመልከትልኝ!"

በዚያው ቅጽበት ትኬት ቆራጩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ኧረ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ!" ብሎ ጮኸ።

ቴክኒሻኑ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነገሩ ገባው። ለመጠባበቂያ ብሎ አንድ ጫፉን ብቻ ሰክቶ የተወው ኬብል፣ ሌላው ጫፉም እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። ስዊቹ የላከው ሁሉ ዞሮ ወደ ራሱ እየተመለሰ፣ ያንኑ መልሶ እየላከ፣ በገዛ ወሬው ታፍኗል። ማን ሰካው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

"ተንጠልጥሎ ሳየው አላስቻለኝም" አሉ አባ ልቅም በኩራት። "አሁን አያምርም?"

"ያ... ያምራል፣ አባባ።"

ላብ አጠመቀው። ቢነቅለው የወደፊት አማቱን አበላሹ ማለቱ ነው፤ ቢተወው መልሱ እዚያው ታፍኖ ሊቀር ነው። ደግሞ እኮ መልሱን ሳይሰማ ምሳ አይበላለትም!

"ይቅርታ አባባ፣ ያበላሸው ይሄ ነው" አለና ዓይኑን ጨፍኖ ነቀለው።

መብራቶቹ ረጋ አሉ። ወዲያው ግቢው በልጅቷ ድምፅ ተሞላ።

"...ሄሎ፣ ሄሎ! አሁንም አይሰማም አይደል? እንግዲያው ልለማመድ። አገባሃለሁ! ኧረ በደስታ ነው የማገባህ! ለአባባ ግን እኔ ነኝ የምነግረው፤ አንተማ እሱ ፊት ስትቆም ስምህም ይጠፋብሃል!"

ተሳፋሪው ጭብጨባውን አቀለጠው። ሾፌሮች ክላክሳቸውን ለቀቁት። ቴክኒሻኑ ኬብሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

የአባ ልቅም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ ሳቅ ነው።

"ይሄ ሁሉ ላብ እኔን ፈርተህ ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ፈርተህም ነቀልከው።" ኬብሉን ከእጁ ተቀበሉት። "ጎሽ! አሁን ሩጥ፣ ልጄ፤ ካላስቆምካት የቤታችንን ጉድ በሙሉ ልታወጣው ነው!"

ቴክኒሻኑ ደረጃውን እየዘለለ ሲወጣ፣ ድምፅ ማጉያው ለመናኸሪያው ሰው በሙሉ ሁለቱ ወደፊት ለሚወልዱት የመጀመሪያ ልጅ ያወጣችውን ስም እያሳወቀ ነበር።