የፖርቱጋሉ ወይን ከምን ጋር ይጠጣል

1.

በደንብ ቀዝቅዞ ይቅረብ።

ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የተጻፈው ይህ ነው አለችን እህቴ ሕሊና፣ ከፖርቱጋልኛ እየተረጎመች። ሻንጣዋ ገና አልተፈታም። እዚያ አገር ምግብ ቤት ውስጥ አራት ዓመት አስተናግዳለች።

“ቀዝቅዞ” ስትል ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ከእሷ በፊት ልንገርህ። አባታችን ቅዳሜ ሞተ፤ እሁድ ቀበርነው። ሕሊና ሰኞ ማታ ልትገባ ትኬቷን ከቆረጠች ቆይታለች። አጎታችን ጋሽ አስናቀ ወሰኑ፦ ዛሬ እህል ቀምሳ ትተኛ፤ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ።

ድንኳኑን አፈረስን። የእድሩን ወንበሮች ጎረቤት ደበቅን። የአባባን ፎቶ ከሻማዎቹ መሀል አንስተን ግድግዳው ላይ መለስነው። አክስቴ የሺ ጥቁሯን አውልቃ የልጇን ባለአበባ ቀሚስ ለበሰች። ጠቧታል።

“አባባ የት ሄደ?” ብትል የሚሰጠው መልስ፦ ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም። ለመዋሸት የተመደብኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

3.

ምንም

አልተሰማኝም።

4.

ሕሊና፦ አራት ዓመት ለሰው ስቀዳ አንድ ቀን አልቀመስኩትም። የመጀመሪያውን ከአባባ ጋር ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። እሱ ይምጣና እንከፍተዋለን።

ጋሽ አስናቀ፦ አሁን ክፈችው እንጂ ልጄ። እንጫወት።

ሕሊና፦ አባባ ቢቀየመኝስ?

እኔ፦ አይቀየምሽም።

ማታውን ሙሉ ከተናገርኩት ውስጥ እውነቱ ይህ ብቻ ነው።

5.

የሚስማማው ምግብ (ጠርሙሱ እንደሚለው)

የተጠበሰ ዓሣ።

ጨው የበዛበት አይብ።

የአሳማ ግልገል ጥብስ።

የሺ፦ በስመ አብ!

ሕሊና፦ (እየሳቀች) አይዞሽ አክስቴ፣ እሱን አላመጣሁትም። ዋናው ጨው ነው። ጨው ያለው ነገር ከአረፋው ጋር ይሄዳል።

6.

ቡሹ ጣራውን መታ።

በሩ ላይ ለልቅሶ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ጎረቤታችን በምልክት መለሰቻቸው። የጠርሙሱን ድምፅ ሰምተው ምን እንዳሉ አላውቅም።

ሕሊና መጀመሪያ ለአባባ ቀዳች። ብርጭቆውን እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ለእኛ። እስካሁን አልጠጣችም።

“ጨው ያለው ነገር ልፈልግ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። “ተቀመጡ፣ ዛሬ አስተናጋጇ እኔ ነኝ።”

7.

የደበቅናቸው ነገሮች፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሻማ፣ ጥቁር ልብስ፣ ፊታችን።

ያልደበቅነው፦

8.

በሳህን ይዛ ወጣች። ስንዴና ሽምብራ። ሰፈሩ ከቀብር መልስ ለለቀስተኛው ያቀረበው ንፍሮ፣ ከድስቱ ሥር የተረፈው።

“ጓዳ ውስጥ ያለው ድስት ግን ምን ያህላል!” አለች። ጨው ነሰነሰችበት። ዘገነች። ብርጭቆዋን ከአባባ ብርጭቆ ጋር አጋጨችና ተጎነጨች።

“ኧረ ይሄዳል!” አለች። “ንፍሮ ከዚህ ጋር ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል? ለአባባ እነግረዋለሁ።”

እኔም ዘገንኩ። ጨዉ ብቻ ተሰማኝ።

9.

ሁለተኛ ዘገነች።

ማኘኳን ቀነሰች።

የአክስቴን ቀሚስ አየች። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ካስማ የተነቀለባቸውን ጉድጓዶች አየች። ጓዳው ውስጥ ያለውን ድስት ዞር ብላ አየች፤ ሆዱ ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። የአባባ ብርጭቆ ውስጥ አረፋው እየጠፋ ነበር።

አሁን ፈራሁ። ከቅዳሜ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ጎህ ሊቀድ ብዙ ይቀራል።

10.

ሕሊና፦ የማን ንፍሮ ነው?

የሺ፦

ጋሽ አስናቀ፦

እኔ፦