አባቷ አይታወቅም

ቀለም ቀቢው ልጁን አባት አልባ ያደረጋት በገዛ እጁ ነው። ማንም አላስገደደውም። በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ቦታ ጠፍቶ ሳለ ቅድሚያ የሚሰጠው ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች ነው ሲባል ሰማ፤ ሰምቶም አላስቻለው። ከልጅቱ እናት ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ቢኖሩም አልተጋቡም ነበር። በልደት ወረቀቷ ላይም የአባት ቦታ «ነገ እንሄዳለን» ሲባል ባዶውን ቀርቷል።

«አባቷ አይታወቅም ብለሽ አመልክቺ፤ እኔ እንደ ጎረቤት እመሰክርልሻለሁ» አላት።

«ኋላ እንዳይቆጭህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ እናት፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ደሞ ለወረቀት! ቁርጥ እኔን የመሰለችውን ልጅ ማን ይክደኛል?»

ፈረመ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። ልጅቱ ቦታ አገኘች። እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቀለም ጥፍሩ ውስጥ እንደደረቀ፣ መዝገቡ ላይ «ጎረቤት» በሚለው ሥር እየፈረመ ወደ ቤት ይወስዳት ነበር።

ከዚያ እናቲቱ ሳንባዋን ታመመችና በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሞተች።

አባትነቱን ሊያስመዘግብ ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነገሩን ስታስረዳው አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። «እናቷ በሕይወት ብትኖር፣ ሁለታችሁ መጥታችሁ፣ አንተ ልጄ ናት ብለህ፣ እሷ አዎ ብላ፣ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ፍርድ ቤት ነው። የዘር ምርመራውም ቢሆን የእናቷ ዘመድ ካልደገፈህ አይታዘዝልህም።»

ዘመድ ማለት አንድ ሰው ነበረች፤ የሟች ታላቅ እህት። ልጅ የላትም። ስንት እሑድ ቤታቸው በልታ ጠጥታለች። ልጅቱ የተወለደች ቀን «ምስኪን፣ በአባቷ ወጣች!» ብላ የቀለደችበትም እሷው ናት።

ፍርድ ቤት በቀረቡ ቀን ዳኛው የምስክርነቱን ወረቀት አነሱ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ማኅተም ያረፈበት ደግሞ የባሰ ነው። እህትየዋ ስትጠየቅ መሐረቧን እየጠመዘዘች፣ አንዴም ወደሱ ሳታይ፣ «እኔ የማውቀው እህቴ ያስጻፈችውን ነው። አባቷ አይታወቅም» አለች። ጠልታው አይደለም። እህቷን ቀብራ ስታበቃ፣ ከእህቷ የቀረችላትን አንዲት ፍሬ ልጅ አሳልፎ መስጠት አቅቷት ነው። ይህ ስለገባው ሊረግማት እንኳ አልቻለም። አቤቱታው ተዘጋ፤ ልጅቱም ለአክስቷ ተሰጠች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ እግሩ እንደ ልማዱ ወሰደው። አስተማሪዋ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር ገርበብ አድርጋ፣ «ስምህ ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ ወንድሜ። እኔ ምን ላድርግ?» አለችው።

«አባዬ! ጫማዬን ራሴ አሰርኩ!» ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ፣ ከአስተማሪዋ ኋላ አንድ እግሯን አንስታ አሳየችው።

«ጎበዝ! ጎበዝ የኔ እመቤት። ዛሬ አክስትሽ ናት የምትወስድሽ።»

«ነገስ?»

«ነገም።»

«ከነገ ወዲያስ?» ብላ እንዳትጠይቀው ፈራና፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ዞሮ ሄደ።