በአሜን ግራ በኩል

የልብስ ፋብሪካው ሴቶች በምሳ ሰዓት ካውያ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ሥርዓታቸው ቀላል ነው፦ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዷ ችግሯን ትናገራለች፣ በስተቀኟ ያለችው ትጸልይላታለች። ስለ ራስ መጸለይ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ተፈቅዶ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሳትጨርስ ምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ስለዚህ ከሁሉ የምትፈለገው ወንበር ከጨርቅ ቆራጯ በስተግራ ያለችው ነበረች። ቆራጯ ጸሎት ሳያልቅ አሜን ስለምትል ስሟም አሜን ሆኖ ቀረ። የጸለየችላት ሁሉ ይሳካላታል ይባላል፤ አንዷ ቤት አገኘች፣ አንዷ አረገዘች፣ የሦስተኛዋ አማት ወደ ሌላ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

ልብስ የምትተኩሰው እመት ካውያ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ቅናት አንጀቷን ያሳርራታል። "ጌታ የሷን ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል፤ እኛ ስንደውል መስመሩ ተይዟል" ትላለች። የሚያንገበግባት የጸሎቱ መልስ እንኳ አይደለም፤ አሜን ስትጸልይ ድምጿ አለመንቀጥቀጡ ነው። እመት ካውያ ራሷ ገና ሳትለምን ማፈግፈጊያዋን ታዘጋጃለች፦ "ፈቃድህ ካልሆነም ግድ የለም ጌታዬ፣ ሥራም ይበዛብሃል።"

የዚያን ቀን ጭንቀቷ ከባድ ነበር። ባሏ ከመሰላል ወድቆ የተሰበረው እግሩ አመርቅዟል፤ ይቆረጥ አይቆረጥ ሐኪሞቹ በዘጠኝ ሰዓት ይወስናሉ። ይህን የሰሙ ሁሉ ያቺን ወንበር ለቀቁላት።

"ነይ እዚህ፣ እቴ" አለች አሜን ወንበሩን መታ መታ እያደረገች። "ዛሬ የኔ ነሽ።"

ይህ አነጋገር አነደዳት። ባሌን እኔ አግብቼ እግሩን እሷ ልታድነው ነው አለች በሆዷ። ዞራ ሄዳ በአሜን ቀኝ ዘጭ አለች። ያደረገችው የገባት ከተቀመጠች በኋላ ነው፦ ለአሜን የምትጸልየው እሷ ሆነች፤ ለባሏ እግር የምትጸልየው ደግሞ በስተቀኟ ያለችው ቁልፍ ሰፊ፣ ጸሎቷን ከጌታ በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቅ በለሆሳስ ተናጋሪ።

አሜን ሌላ ቀን ተራዋ ሲደርስ "ምስጋና ብቻ" ብላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን አቀረቀረች።

"እናቴ ካላወቀችኝ ሰባት ዓመት ሆናት። ስገባ 'ሠራተኛዋ ነሽ?' ትለኛለች። በየቀኑ እለምናለሁ፤ ተስፋም አልቆረጥኩም። ዛሬ ግን ሌላ ሰው ይልመንልኝ።"

እመት ካውያ ስትቀና የኖረችው በዚህች ሴት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። "ጌታ ሆይ፣ የእህታችንን እናት አስባቸው፤ ፈቃድህ ካልሆነም ግድ የለም..."

ጠበቀች። አሜን የሚል ጠፋ። አንድ ዓይኗን ገለጥ ብታደርግ፣ ከሰው ሁሉ የምትቀድመው ሴት ከንፈሯን ገጥማ ተቀምጣለች።

"እኔ ግድ አለኝ" አለች አሜን ቀስ ብላ። "እስቲ እንደገና።"

"ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ስትገባ እናቷ በስሟ ይጥሯት። ልጄ ይበሏት።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷንም ገረማት።

"አሜን።"

ቁልፍ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እመት ካውያ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። "ቆይ የኔ እህት፣ ዛሬ ደንብ ልጣስ። አባቴ፣ የባሌን እግር እንዳለ መልስልኝ። ለሌሎቹ ስትሰጥ እያየሁ ስቀና ኖሬአለሁ፤ አልዋሽህም። ግን የሷ ብቻ አይደለህም፤ የኔም አባት ነህ። እግሩን እፈልገዋለሁ።" ማፈግፈጊያ አልጨመረችም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ባሏ ደወለ። "አልቆረጡም። መድኃኒት ቀይረው አንድ ሳምንት እንጠብቅ አሉ።"

ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሮጠች። አሜን መቀሷን ጥላ አቀፈቻት፤ እያለቀሰች ትስቃለች፣ ቤት ውስጥ ማን ነሽ የሚሏት እናት እንዳሏት ሁሉ የረሳች ይመስል። እመት ካውያ ትከሻዋ ላይ እንደተደገፈች፣ በሰው ደስታ እንዲህ መደሰትን ከየት አመጣችው ብላ እንደገና ቀናች።

"ነገም ከቀኝሽ ነኝ" አለቻት። "የእናትሽ ነገር ገና አላለቀም።"